ምልክቱን የተናገረ ይውሰደው

ባለፈው ወር ስልኬን ባጃጅ ውስጥ ረስቼ ወረድኩ። አዲስ ገዝቼ የድሮ ፎቶዎቼን ላስመልስ ስል፣ አዲሱ ስልክ የሚፈልገው ለካ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የከፈትኩትንና እኔ ራሴ ከረሳሁት የቆየውን የኢሜይል አድራሻ ኖሯል። የይለፍ ቃሉን ከየት ላምጣው? ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ከተባረርኩ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ከመለስሽ ትገቢያለሽ አለኝ፤ ጥያቄውም የመጀመሪያው እንስሳሽ ስም ማን ነበር የሚል ነው። ደሴ ፒያሳ፣ አንዲት የስልክ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ፣ ሻጩ ጣቱን ባንኮኒው ላይ እየመታ ሲጠብቀኝ፣ በላቲን ፊደል «ቦራ» ብዬ ጻፍኩ። ተከፈተ።

ውስጡ ለዓመታት ያልተነበበ መልእክት ተከምሮ ቆይቶኛል፤ ግማሹ የመጣው ከአንድ የፈረስ ጨዋታ ነው። «በሰሜኑ ጫካ አዲስ የዱር ፈረስ ታይቷል» ይላል አንዱ። «ፈረሶችሽ ካየሻቸው ቆዩ» ይላል ሌላው። የጨዋታውን ገጽ ልከፍት ብሞክር ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሻጩም «እህት፣ ሥራው አልቋል እኮ» አለኝ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ አርባ አንዱን ፈረሶቼን በየስማቸው እየጠራሁ ነበር፤ ዳማዋን፣ ቡላውን፣ አምባላዩን፣ ከገደል አፋፍ ሥር ያገኘኋትን ጥቁሯን ባዝራ።

የተወለድኩት ኮምቦልቻ ነው። አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ቦራ ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ የፈሰሰበት፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ያለውን እያንዳንዱን ጉድጓድ በኮቴው የሚያውቅ የጋሪ ፈረሳችን። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ፣ የደሴ ትምህርት ቤት ይሻላል ተብሎ አክስቴ ዘሀራ ዘንድ ተላክሁ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥቶ፣ የሐረጎን ዳገት ተጠማዝዞ፣ ደሴ ጉም ውስጥ መግባት ለኔ አገር እንደመለወጥ ነበር፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ በሹራቤ ላይ የአክስቴን ሹራብ ደርቤ ከረምኩ።

የአክስቴ ባል ጋሽ አህመድ ከቤታቸው ፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ አራት ኮምፒውተር ያላት የኢንተርኔት ቤት ነበረቻቸው። ሦስቱ ለደንበኛ ናቸው፤ አራተኛው ሁለት ፊደል የወለቀበት፣ ማንም የማይፈልገው፣ ጥግ ላይ ያለ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሆነ ደንበኛ ሳይዘጋ ጥሎት የሄደው ገጽ ላይ የአንድ ፈረስ ጆሮ አየሁ። ጆሮ ብቻ። መስመሩ እጅግ ቀርፋፋ ስለነበር ሥዕሉ ከላይ ወደታች፣ አንድ አንድ ጣት እያለ ነበር የሚወርደው፤ ጆሮ፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ቀጥሎ ዓይን። የቀረውን ለማየት ቁጭ አልኩ፤ ሳልነሳም ዓመቱ አለቀ ማለት ይቻላል።

ጋሽ አህመድ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። የአስርን ሰላት ሲሰግዱና ከዚያ በኋላ ከጓደኞቻቸው ጋር ሻይ ሲጠጡ ጥጉ ላይ ያለው ኮምፒውተር የኔ ነው፤ ኮፍያቸውን እያደረጉ «በይ እንግዲህ፣ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» ብለውኝ ይወጣሉ። ያ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ለኔ ከቀኑ ሁሉ የተለየ ነበር። ጨዋታው ትልቅ ካርታ ነው፤ ጫካ አለው፣ የባሕር ዳርቻ አለው፣ በረዶ ያለበት ተራራ አለው። በየቦታው ትዞሪያለሽ፤ ብዙውን ጊዜ የምታገኚው ቅጠልና ድንጋይ ነው። አልፎ አልፎ ግን «አንድ የዱር ፈረስ እያየሽ ነው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ያኔ ቸኩለሽ ከቀረብሽ ይሸሻል። ፖም አስቀምጠሽ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ፤ በማግስቱም እንዲሁ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ከቀናሽ ይከተልሻል፣ ስም አውጪለት ትባያለሽ።

ፖምን እስከዚያ ድረስ በሥዕል ካልሆነ አይቼው አላውቅም፤ ፈረስ የሚወደው ገብስ ነው እንጂ ምን ፖም አስበላው ብዬ በጣም ገርሞኝ ነበር። የገረመኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። እነዚህ ፈረሶች ከየት መጡ? ጥቁሯ ባዝራ ለምን ሁልጊዜ ከገደሉ ሥር ብቻ ትታያለች? ቡላው ለምን ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል? ሐሙስ ገበያ ነው እንዴ እዚያ አገር? ይህን ሁሉ በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ እመዘግብ ነበር፤ የትኛው ፈረስ፣ የትኛው ቦታ፣ በምን ቀን። የሒሳብ አስተማሪያችን አንድ ቀን ደብተሬን ገልብጠው አዩና «ይህን ያህል የምታሰላው ልጅ እንዴት ክፍልፋይ ያቅታታል» ብለው ለክፍሉ አነበቡልኝ፤ ከዚያ ወዲህ እስክንጨርስ ድረስ ስሜ ፈረሲት ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ ግን የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር ነበር። የእያንዳንዱን የዱር ፈረስ ገጽ ስከፍት ከስሙ በታች ባለቤት የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ «የለውም» ይላል። ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ ነው ያረጋገጥኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ እወርድ ነበር። አባቴ መናኸሪያው በር ላይ በጋሪው ይጠብቀኛል፤ ለእኔ ሲል ተራውን አሳልፎ፣ ከፊት ከጎኑ አስቀምጦኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የታፈነውን ወሬዬን እስከ ቤት ድረስ ይሰማል። ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ፈረስ ግን ያውቃል፤ ስለዚህ እንደ ሌላው ትልቅ ሰው «ተይ እባክሽ፣ ተማሪ» አላለኝም። ይጠይቀኝ ነበር። ጥቁሯ ባዝራ ጥርሷ ስንት ሆኗል? ጀርባዋ ላይ የኮርቻ ቁስል አለ? ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የምትዞረው? እኔም መልሱን ስለማላውቅ በሚቀጥለው ሳምንት ለማየት እመለሳለሁ፤ እንዲህ እያለ የሱም ጥያቄ የኔም ፍለጋ እየበዛ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ግን ባለቤት የላቸውም ያልኩትን ሲሰማ ልጓሙን ያዝ አድርጎ ቦራን አቆመው።

«ስሚ ሀዩ፣» አለኝ፣ «ባለቤት የሌለው ፈረስ የለም። ባለቤቱ ያልታወቀ ፈረስ ነው ያለው። ያገኘ ሰው ዝም ብሎ በረቱ ካሰረ፣ ወላሂ ከሌባ አይለይም።»

«የዱር ናቸው እኮ አባዬ።»

«ዱር ፈረስ አይወልድም» አለ፤ ቦራንም «ቺ» ብሎ አስነሳው።

ከዚያም ሕጉን አስተማረኝ። የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው ሦስት ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ቆሞ ይናገራል። ሲናገር ግን መልኩን አይገልጽም፤ ፈረስ አግኝቻለሁ ይላል እንጂ ዳማ ነው፣ ቡላ ነው፣ ድንጉላ ነው አይልም። ከገለጸማ ሰው ሁሉ የኔ ነው ባይ ይሆናል። ባለቤት ነኝ ያለ ምልክቱን ይናገር፤ ምልክቱን የተናገረ ይውሰደው። እስከዚያ ድረስ ፈረሱ ያገኘው ሰው ዘንድ አማና፣ አደራ ነው፤ ይመገባል፣ ይጠጣል፣ አይሸጥም። «የኛ ቦራ ቢጠፋ ምልክቱን ታውቂዋለሽ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። አውቀዋለሁ። ግንባሩን ማንም ያያል፤ ምልክቱ ግን እሱ አይደለም። ከጋማው ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ጸጉር የማይበቅልባት አውራ ጣት የምታክል ቦታ አለች፤ አባቴ ጠዋት ሲጠምደው ሁልጊዜ አውራ ጣቱን እዚያ ላይ ያሳርፍ ነበር።

ደሴ ተመልሼ፣ ጁምዓ ሲደርስ፣ በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ ተጫዋቾች ወሬ በሚለጥፉበት ሰሌዳ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ፈረስ አግኝቻለሁ፤ የጠፋበት ሰው ምልክቱን ይናገርና ይውሰድ፤ ይህ የመጀመሪያው ጁምዓ ነው። የዓለም ልጆች ግራ ገባቸው። አንዱ ትሸጪዋለሽ ወይ አለ። አንዷ ጁምዓ የሚባለው አዲስ የፈረስ ዝርያ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሌላው ደግሞ የዱር ፈረስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአራት መስመር አብራራልኝ። እኔም ዱር ፈረስ አይወልድም ብዬ መለስኩለት።

ችግሩ ፈረሶቼ አርባ አንድ መሆናቸው ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ሳምንት ከሆነ ሁለት ዓመት ከምናምን ሊፈጅብኝ ሆነ። ይህን ለአባቴ ሳቀርብለት፣ የኮምፒውተር ቃዲ ሆኖ ትንሽ አሰበና፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መናገር ይቻላል፣ ግን አንድ ሰው መጥቶ ምልክት ሲናገር አርባ አንዱንም አይቼ ማመሳከር አለብኝ ብሎ ፈረደ። ጋሽ አህመድ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ከሰላት ሲመለሱ «ዛሬስ ባለቤት መጣ?» ይሉኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ ኋላ ግን ከምራቸው።

በሦስተኛው ጁምዓ መጣ። ከየት አገር እንደሆነች ያልነገረችኝ፣ በጨዋታ ስሟ ብቻ የማውቃት ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ የኔዋ ጥቁር ነች፤ የኋላ ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ነጭ ነው። ጥቁር ባዝራ ያለችኝ አንድ ናት፣ ከገደሉ ሥር ያገኘኋት። እግሯን ግን አይቼው አላውቅም። መስመሩ ሁልጊዜ ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ይቋረጣልና ለኔ ያቺ ባዝራ እስከ ጉልበት ብቻ ነበረች። ገጹን ከፈትኩና ቁጭ አልኩ። ጆሮዋ መጣ፣ ግንባሯ መጣ። ጋሽ አህመድ ከሰላት ተመልሰው ከኋላዬ ቆሙ፤ ደንበኞቹ መስመር እንዳይሻሙብን ሦስቱንም ለትንሽ ጊዜ እንዲታገሱ ለመኗቸው፤ እነሱም ወንበራቸውን እየሳቡ መጡ። ደረቷ መጣ፣ ሆዷ መጣ፣ ጉልበቷ ጋ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። የኋላ ግራ እግሯ ነጭ ነበር። ጋሽ አህመድ «ሱብሃነላህ» አሉ፣ በለሆሳስ።

ባዝራዋን ስመልስላት ልጅቱ ነገሩን ነገረችኝ። ጨዋታው ውስጥ በረት ሲሞላ ፈረስ መልቀቅ ይቻላል፤ ልቀቅ የሚል ቁልፍ አለ፤ የተለቀቀው ፈረስ ስሙም የባለቤቱም ስም ይፋቅና ወደ ካርታው ይመለሳል፤ የዱር ፈረስ ይባላል። ቁልፉን በተጫነች ማግስት ቆጭቷት በየጫካው ስትፈልጋት ከርማለች። እንግዲህ አባቴ ልክ ነበር። ኮምፒውተር ሳያይ፣ ጋሪው ላይ ተቀምጦ፣ እነዚያ ሁሉ ፈረሶች ባለቤት እንደነበራቸው አውቋል። በዚያ ቅዳሜ ሚኒባሱ ሐረጎን እስኪወርድ መታገስ አቅቶኝ ነበር።

ነገርኩት። እንደጠበቅሁት አልሳቀም። «ለምን ለቀቀቻት?» አለኝ።

«ቦታ ስለጠበባት።»

«ከለቀቀቻት በኋላ ታያት ነበር?»

«አታያትም። ትጠፋለች።»

ሌላ አልጠየቀኝም። በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ባጃጅ መብዛት ጀምሮ ነበር፤ መናኸሪያው በር ላይ የጋሪው ሰልፍ እያጠረ፣ የባጃጁ እየረዘመ ይሄድ ነበር። ይህን በዓይኔ እያየሁ አላየሁትም። ዓይኔ ያለው ካርታው ላይ ነው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ቤቴ ስገባ፣ ቦራ የሚታሰርበት ቦታ ላይ የሰው ባጃጅ ቆሟል፤ አባቴ ተቀጥሮ የሚነዳው። ቦራስ ስል፣ ሐርቡ ላለ አንድ ገበሬ ሰጠሁት፣ ሣሩም ደህና ነው አለኝ፤ ሲናገርም የባጃጁን መስታወት እየወለወለ ነበር። እናቴ ፊቷን አዞረች። ያኔውኑ ነገሩ ገብቶኝ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ምክንያቱም ያን ክረምት ኮምቦልቻ ዙሪያ የጋሪ ፈረሶች በየአስፓልቱ መሐል እየቆሙ መንገድ ይዘጉ ነበር። ክረምት ነው፣ ሣር አለ፣ አይራቡም እየተባለ የተለቀቁ ናቸው። ሾፌሮች ጥሩምባ ሲነፉባቸው አይሸሹም፤ የጋሪ ፈረስ ጥሩምባ ለምዷል። ሰዎች «ባለቤት የላቸውም» እያሉ ያልፏቸዋል።

ሐምሌ ውስጥ በአንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ፣ አባቴን ልጠብቅ መስጊዱ በር አካባቢ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሳለሁ፣ ሼህ ይማም የሚባሉ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«ጀመዓ፣ ፈረስ አግኝቻለሁ። ከማሳዬ ዳር ቆሞ ነው ያገኘሁት፣ ከሐርቡ በኩል የመጣ ይመስላል። ምልክቱን የተናገረ ይውሰደው።»

አባቴ እዚያው፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ ጫማውን እያጠለቀ ነበር። አጎንብሶ ቆየ፤ ሁለት ጫማ ለማጥለቅ ከሚፈጀው በላይ። ዙሪያው የነበሩት አብዛኞቹ የድሮ ጋሪ ነጂዎች ናቸው፤ ቦራን ከነአረማመዱ የሚያውቁ። አንድም ሰው ወደ አባቴ አልተመለከተም፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ። ከዚያ አባቴ ቀና ብሎ «ነይ እንሂድ» አለኝ።

በሁለተኛው ጁምዓ ሼህ ይማም እንደገና ተናገሩ። ያን ሳምንት ሙሉ፣ አሁንስ ይናገራል፣ ሕጉን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ባለቤት የሌለው ፈረስ የለም ያለኝ እሱ ነው እያልኩ ስጠብቅ ነበር የሰነበትኩት። ዝም አለ። በሦስተኛው ጁምዓም ዝም አለ፤ ጫማውንም ሳያስር ወጣ።

እኔ ግን ቤት አልገባሁም። በጭቃው ወደ ቦርከና ወርጄ ሼህ ይማምን ሽንኩርታቸው መሐል አገኘኋቸው። ሰላምታም ረስቼ «ከጋማው ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ጸጉር የለውም፤ አውራ ጣት ታክላለች» አልኳቸው። ሽማግሌው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «አውቀዋለሁ እኮ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሽንኩርቴን ገበያ ያደረሰልኝ ቦራ ነው፤ ባላየውስ ኮቴውን አላውቅም?»

«ታዲያ ካወቁ ለምን ሦስት ጊዜ ተናገሩ?»

«ሐቁ ነዋ። ባለቤቱ ቢሻው እንዲወስድ፣ ባይሻው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው እንዲያልፍ።»

ቦራ ከቤታቸው ጀርባ ታስሯል። ከስቷል፤ ግን ሲያየኝ ጆሮውን አቀና። ጋማውን ገለጥኩና አውራ ጣቴን ያቺ ቦታ ላይ አሳረፍኩ፤ እስኪመሽብኝ ድረስ አለቀስኩ። ይዤው ልሂድ ብል የማስርበት የለም። እዚያው ተውኩት፤ ሼህ ይማምም ጥቂት ዓመት ሽንኩርት ጭነውበት፣ ሲያረጅም ሳይጭኑበት አኖሩት።

ደሴ ተመልሼ ጥጉ ላይ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ፤ ግን አንድም አዲስ ፈረስ አልፈለግሁም፣ ጥቂት ቆይቶም ገጹን መክፈት ተውኩ። የጠፋብኝ ግን ጨዋታው አይደለም። ከዚያ ክረምት በኋላ አባቴ ስለ ፈረስ አንድም ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ቅዳሜ መናኸሪያ በባጃጁ ይጠብቀኛል፤ ከኋላው እቀመጣለሁ፤ ሞተሩ ይጮሃል፤ ስለ ውጤቴና ስለ አክስቴ ጤና አውርተን ቤት እንደርሳለን። ስለ አርባ አንድ የማላውቃቸው ፈረሶች ይህን ሁሉ የመረመርኩ ልጅ፣ አባቴን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። አፍሮ ነው፣ ሰው ፊት ፈርቶ ነው፣ ለሌላ የሚናገረውን ሕግ ለራሱ ሲሆን ከበደው ብዬ፣ ፈርጄበት ነው የኖርኩት።

ባለፈው እሁድ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አባቴ አሁን ባጃጁንም ትቷል፤ ጉልበቱ እምቢ ብሎት በረንዳው ላይ ይውላል። የይለፍ ቃሉን ነገር፣ ቦራ ብዬ ስጽፍ እንደተከፈተልኝ ነገርኩት፤ ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩና «አባዬ፣ ያኔ ሦስቱንም ጁምዓ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰና፣

«ብናገር ይሰጡኝ ነበራ» አለ። «ሰጥተውኝስ? ሁለተኛ ልጣለው?»